የግድግዳ ጥቅስና የመጽሐፍ ንባብ

ልጆቼ ሆይ፤ መጽሐፍ ቅዱስን በየቀኑ ማንበብ መልካም ልማድ መሆኑን ለማስረዳት ብዬ ብዕሬን አላነሣሁም። ይህን የሚነግራችሁ ሰው ሞልቷል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምተቸው አነባበባችንን ነው። ይልቁንም አንዱን ጥቅስ ከቦታው ቆርጦ፥ በጨርቅ ላይ ጠልፎ ወይም በትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ፥ «የዕለቱ ቃል» እያሉ ማንበብ ያለውን ጥቅምና ጉዳት መመርመር እወዳለሁ። ሌላውን ከመንቀፌ በፊት ግን ራሴን መንቀፍ ይገባኛል፤ በዚህ ስሕተት ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬበታለሁና።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ትምህርቴን በጨረስሁ ጊዜ አንዲት መምህርቴ በነጭ ጨርቅ ላይ በቀይ ክር የተጠለፈ ጥቅስ ስጦታ ሰጥታኝ ነበር። ጥቅሱ ከትንቢተ ኤርምያስ 29ኛ ምዕራፍ፥ 11ኛ ቁጥር የተወሰደ ነው። እግዚአብሔር ለሕዝቡ ያሰበው ጥፋትን ሳይሆን በጎ መጨረሻን መሆኑን የሚያረጋግጥ ቃል ነው። በ1977 ዓ. ም. በደረሰው ድርቅ ምክንያት ከወሎና ከሌላም ክፍል የመጡ ሰዎች በአሶሳ አውራጃ ሲሰፍሩ፥ እኔም ከሰፈራ መንደሮቹ በአንዱ እንዳስተምር ተመደብሁ። ያን ጨርቅ ከአልጋዬ በላይ ሰቀልሁት።

በየማለዳው አንድ ምዕራፍ አነባለሁ፤ አንብቤም ስጨርስ በደብተሬ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደርጋለሁ። በዚህ ዓይነት ከኦሪት ዘፍጥረት እስከ ራእየ ዮሐንስ ሦስት ጊዜ ተወጣሁት። ይሁን እንጂ የግድግዳው ጥቅስ ለእኔ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። «እግዚአብሔር መልካም አስቦልሃል» ማለት «ወደ ትልቅ ከተማ ትዛወራለህ» ማለት መስሎኝ ነበር። ሐምሌ በመጣ ቁጥር የዝውውር ደብዳቤ እጠብቃለሁ። ነገ ለምሄድበት አገር ምን አደከመኝ ብዬ በደጄ አንድ ዛፍ አልተከልሁም። ከበርታ ጎረቤቶቼ ቋንቋ ከሰላምታ በቀር አልተማርሁም። የቀርከሃ አጥሬ እንኳ ሲወድቅ ደግፌ አቆመው ነበር እንጂ አዲስ አላጠርሁም።

ከቤቴ አጠገብ ከወሎ የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በመጀመሪያው ክረምት ማንጎ ተከሉ። መንደርተኛው «የከርሞ ሰው እዚህ አይገኝም፤ ወደ አገራችን እንመለሳለን» እያለ ይሥቅባቸው ነበር። እሳቸው ግን በገበያ ከበርታዎቹ ጋር እየተገበያዩ ቋንቋቸውን ለመዱ፤ ሐዘን ሲሆን ቀድመው ይደርሳሉ፤ ሠርግ ሲሆን ይጠራሉ። አንድ ቀን ቆም ብለው፥

«መምህር፥ ደጅህ ምነው ራቁቱን ቀረ?» አሉኝ።

«አባባ፥ እኔ እዚህ ብዙ አልቆይም፤ ደግሞስ የእርስዎ አገር ወሎ አይደለም ወይ? ለማን ይተክላሉ?» አልኋቸው።

«ልጄ፥ ያደርሁበት መሬት አገሬ ነው። እኔ ባልበላው የበላ ይመርቀኛል» ብለው ሄዱ።

ሽማግሌው ሙስሊም ነበሩ፤ ትንቢተ ኤርምያስን አንብበው አያውቁም።

ዝውውሩ ሳይመጣ ጡረታዬ መጣ። በ2011 ዓ. ም. መግቢያ በካማሺ ዞን በተነሣው ግጭት ብዙ ሺሕ ሕዝብ ከቀዬው እንደ ተፈናቀለ ታስታውሳላችሁ። በዚያ ወራት አንድ ማለዳ የዕለት ምዕራፌን ሳነብ የግቢዬ በር ተንኳኳ። የልጅ ልጄ ገብታ፥ «አባባ፥ አንዲት ሴት ሁለት ልጆች ይዛ ቆማለች፤ ጥቂት እንረፍ ትላለች» አለችኝ። እኔም ዐይኔን ከመጽሐፉ ሳላነሣ፥ «ምዕራፉን ልጨርስ፤ ትቆይ» አልኋት። ጨርሼ፥ ቀዩን ምልክት አድርጌ፥ መነጽሬን አጥፌ ስወጣ በሩ ላይ ሰው የለም። ሽማግሌው ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ በግቢያቸው ልጃቸው ይኖርበታል። ያች እናት እሳቸው በተከሉት ማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጣ፥ ከልጃቸው ቤት የወጣ ቁርስ ለልጆቿ ታጎርስ ነበር።

ያ ቀይ ምልክት እስከ ዛሬ በደብተሬ ላይ አለ። ላጠፋው አልፈለግሁም።

በዚያን ቀን ማታ ጨርቁን ከግድግዳ አውርጄ፥ ጥቅሱ ከተወሰደበት ምዕራፍ ፊት ለፊት ተቀመጥሁ። ሦስት ጊዜ ዐይኔ ያለፈበትን ነገር ልቤ ያገኘው ያን ጊዜ ነው። እስቲ እናንተም ከእኔ ጋር ተመልከቱት።

የኤርምያስ 29ኛ ምዕራፍ ደብዳቤ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ንጉሡን ኢኮንያንን፥ ሹማምንቱንና የእጅ ሥራ ዐዋቂዎቹን ከኢየሩሳሌም ማርኮ ወስዶ ነበር። ነቢዩ የሚጽፈው ለእነዚህ ስደተኞች ነው። በግድግዳዬ ላይ ወደ ነበረው ቃል ከመድረሱ በፊት ትእዛዝ ይሰጣቸዋል። ቤት እንዲሠሩ፥ አትክልት እንዲተክሉ፥ ፍሬውን እንዲበሉ፥ ልጆቻቸውን እንዲድሩ ያዝዛቸዋል። ከሁሉም የሚያስደንቀው፥ ተማርከው ለገቡባት ከተማ ሰላም እንዲሹና እንዲጸልዩ መናገሩ ነው፤ የእነርሱ ሰላም በእርስዋ ሰላም ውስጥ ነውና። ከዚህ ቀጥሎ የመመለሻቸው ጊዜ ሰባ ዓመት ሲፈጸም መሆኑን ይነግራቸዋል። የእኔ ጥቅስ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን እናስላ። ደብዳቤው ሲነበብ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ሰባው ዓመት ሲፈጸም መቶ ዓመት ይሞላዋል። ስለዚህ ከሰሚዎቹ የሚበዙት ያን በጎ መጨረሻ በዐይናቸው አያዩትም። ተስፋው የተሰጠው ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው ነው። እኔ ግን ለሚመጣው ሐምሌ አደረግሁት!

ከዚህ በፊት ያለውን 28ኛውን ምዕራፍ ብታነቡ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በዚያ ሐናንያ የሚባል ሌላ ነቢይ ተነሥቶ፥ ምርኮኞቹ ሁሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ይመለሳሉ ብሎ ይናገራል፤ ኤርምያስ በአንገቱ አድርጎት የነበረውንም የእንጨት ቀንበር ይሰብራል። ቃሉ ጣፋጭ ነበር፤ ነገር ግን ሐሰት ነበር። ልብ በሉ፤ ሐናንያም ኤርምያስም ሁለቱም ስለ መመለስ ተናግረዋል። ልዩነታቸው ኤርምያስ ተስፋውን ከሥራና ከትዕግሥት ጋር አስሮ ሲሰጥ፥ ሐናንያ ተስፋውን ብቻውን በችኮላ መስጠቱ ነው። አንድን ጥቅስ ከትእዛዙና ከዘመኑ ቆርጠን ብቻውን ስንሰቅለው፥ የኤርምያስን ቃል በሐናንያ አፍ እናስነግረዋለን። የትችቴ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በአማርኛችን «አንተ»ና «እናንተ» የተለያዩ ናቸው፤ ይህን የማይለዩ የኤውሮፓ ቋንቋዎች አሉና በዚህ ረገድ እኛ የታደልን ነን። በጥቅሱ ላይ የተጻፈው «እናንተ» ነው። የእኔ ጨርቅ ራሱ በቀይ ክር እንዲሁ ይላል። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ «አንተ» ብዬ አነበብሁት። ለሕዝብ የተነገረውን ለራሴ ብቻ ወሰድሁት። ለብቻዬ በመውሰዴም በር ላይ የቆመችው እናት ከተስፋው ውጭ ሆና ቀረች።

በአሶሳ አካባቢ በወንዝ ዳር ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎችን ያየ ሰው ይህን ነገር በቀላሉ ይረዳል። አጣቢዋ ከላይ የሚያብረቀርቀውን ጠጠር ለቅማ አትሄድም። አፈሩን ከነጭቃው በእንጨት ገበታ ታፍሳለች፤ በውሃ እያሽከረከረች ቀስ ብላ ታጥበዋለች፤ ወርቁ የሚገኘው ከታች ነው። ቅዱስ መጽሐፍም እንዲሁ ነው። ተግሣጹን፥ የትውልድ ቁጥሩን፥ ልቅሶውን ሁሉ አብሮ ያላጠበ ሰው የሚይዘው ጠጠር ነው።

ይህን ስል ግን የዕለት ቃል የሚሰጡትን ትንንሽ መጻሕፍት ሁሉ ከንቱ ናቸው ማለቴ አይደለም። ፍርድ ሚዛናዊ መሆን አለበት። ለደከመ ሠራተኛ፥ ለታመመ ሰው፥ ንባብ ለሚጀምር ልጅ አንዲት አጭር ቃል ትልቅ ስንቅ ናት። የልማዱም አነሣሥ መልካም ነው። በጀርመን አገር በሳክሶኒ፥ ሄርንሁት በምትባል መንደር፥ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1728 ዓ. ም. ጺንጸንዶርፍ የተባለ መስፍን ለማኅበሩ በየቀኑ አንድ ቃል መስጠት ጀመረ። ከ1731 ጀምሮም የዓመቱ ቃል በመጽሐፍ እየታተመ እስከ ዛሬ ደርሷል። ነገር ግን በመጀመሪያው ዘመን ቃሉ በግድግዳ ላይ አልተሰቀለም፤ ከማኅበሩ ሰዎች አንዳንዶቹ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ያደርሱት፥ የቤተ ሰቡንም ሁኔታ ይጠይቁ ነበር። ጥቅሱ በር የሚያንኳኳ ጥቅስ ነበር ማለት ነው። እኔ ለተንኳኳ በር እንኳ አልተነሣሁም።

በአገራችንም ቢሆን ዳዊትን በሰባቱ ዕለታት ከፍሎ መድገም የቆየ ልማድ ነው። አባቶቻችን 150ውን መዝሙር ሲያዳርሱ ምስጋናውን ብቻ መርጠው አይወስዱም። የንስሐውን፥ የልቅሶውን፥ የተገፋውን ሰው ጩኸት ሁሉ ተራው በደረሰ ቀን ይደግሙታል። ስለዚህ የተደሰተው ሰው ያዘነውን፥ የጠገበው የተራበውን በየሳምንቱ ሳይወድ በግድ ያስታውሳል።

ደግሞም ይህ መጽሐፍ ሙሉውን በእጃችን እንዲገባ የደከሙትን ሰዎች እናስብ። አቡ ሩሚ የተባለው የጎጃም ተወላጅ በካይሮ ከተማ ከፈረንሳዩ ቆንስል ከአስሊን ደ ሼርቪል ጋር ዐሥር ዓመት ያህል፥ በሳምንት ሁለት ቀን እየተገናኘ፥ መጽሐፉን ቁጥር በቁጥር ወደ አማርኛ መለሰው። ሥራው ታትሞ ሳያይ በዚያው በካይሮ በወረርሽኝ ሞተ። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1824 አራቱ ወንጌላት፥ በ1840 ደግሞ መላው መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ። ወደ እኛ ወደ ምዕራቡ ስንመጣ ኦነሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት መላውን መጽሐፍ ወደ ኦሮምኛ መልሶ በ1899 በስዊስ አገር አሳተመው፤ እሱም በኋላ ወደ ነቀምቴ ተመልሶ አስተማረበት። እነዚህ ሰዎች የሚወዱትን ቃል ብቻ መርጠው ቢተረጉሙ ኖሮ ሥራቸው በጥቂት ወራት ባለቀ ነበር። ሙሉውን ማዕድ ያቀረቡልን ሰዎች፥ ፍርፋሪ ለቅመን መነሣታችንን ቢያዩ ምን ይሉን ይሆን?

አሁን ምክሬን በአጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛ፥ አንድ መጽሐፍ ከጀመራችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ አንብቡ። በቀን ግማሽ ምዕራፍ ቢሆን ግድ የለም፤ ችኮላ የንባብ ጠላት ነው።

ሁለተኛ፥ አንድ ቃል ልባችሁን ሲነካው፥ ማን ተናገረው፥ ለማን ተናገረው፥ በምን ችግር ጊዜ ተናገረው ብላችሁ ጠይቁ። ከበላዩ ዐሥር ቁጥር፥ ከበታቹም ዐሥር ቁጥር አንብቡ።

ሦስተኛ፥ ተስፋ ባያችሁበት ቦታ ትእዛዝ ፈልጉ። ትእዛዙን ካገኛችሁ ፀሐይ ሳይጠልቅ አንዱን እንኳ ፈጽሙት።

አራተኛ፥ በምታነቡበት ጊዜ በር ቢንኳኳ መጽሐፉን አጥፋችሁ ተነሡ። ምዕራፉ ይጠብቃችኋል፤ የደከመች እናት ግን ላትጠብቃችሁ ትችላለች።

ይህ ለእኛ አገር የተለየ ክብደት አለው። እኛ በምንኖርበት ክፍል በርታውና ጉሙዙ፥ ሺናሻው፥ ማኦውና ኮሞው፥ ኦሮሞውና አማራው፥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ ይገበያያል፤ ከአንድ ወንዝ ይቀዳል። ለከተማዪቱ ሰላም ፈልጉ የሚለው የነቢዩ ትእዛዝ በሩቅ አገር ለሞቱ ሰዎች ብቻ የተጻፈ ሊመስለን አይገባም። የጎረቤታችሁን ቋንቋ መማር የዚያ ትእዛዝ ፍጻሜ ነው፤ የጎረቤታችሁ ልጅ የሚበላውን ዛፍ መትከልም እንደዚሁ ነው።

እኔ አሁን ከስልሳ ዓመት አልፌአለሁ። በሄደው ክረምት በደጄ ሦስት የማንጎ ችግኝ ተክያለሁ። ፍሬውን እበላ እንደ ሆነ አላውቅም። የበርታንም ቋንቋ ከልጅ ልጄ ጓደኞች እየተማርሁ ነው፤ ስሳሳት ይሥቁብኛል፤ እኔም እሥቃለሁ። ጨርቁን ወደ ግድግዳው መልሼዋለሁ፤ ከሥሩ ግን በወረቀት ላይ በእጄ ጽፌ አንድ ማስታወሻ ለጥፌበታለሁ። «ከ4ኛው ቁጥር ጀምረህ አንብብ» ይላል።