ሦስት ደራስያን፣ ሦስት የቋንቋ መንገዶች

ስለ ኪነ ጥበብ ሲነገር «የራስን መንገድ መምረጥ» የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ የጠባይ ጉዳይ ሆኖ ይቀርባል። ከብዙኃኑ የተለየ አለባበስ፣ ከብዙኃኑ የራቀ አኗኗር፣ ለተቺ የማይበገር አንደበት ያለው ሁሉ በራሱ መንገድ የሚሄድ ከያኒ ይባላል። በምሥራቅ አፍሪካ ግን ደራሲ ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በየትኛው ቋንቋ ልጻፍ የሚለው ነው። መልሱ አንባቢውንና አሳታሚውን፣ አልፎ አልፎም የደራሲውን የኑሮ ዕጣ ይወስናል።

እ.ኤ.አ. በ2025 በ87 ዓመቱ ያረፈው ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ የዚህ ጥያቄ ቀዳሚ ምሳሌ ሆኖ ሲጠቀስ ኖሯል። «አታልቅስ ልጄ» በ1964፣ «የስንዴ ቅንጣት» በ1967 በእንግሊዝኛ ሲታተሙለት ደራሲው ቅኝ አገዛዝን አጥብቆ የሚወቅስ ሰው ነበር። ሆኖም ወቀሳው በታወቀ አጥር ውስጥ የቆመ ነበር፤ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ተቃዋሚ ደራሲ ዩኒቨርሲቲው የሚያስተምርበት፣ አሳታሚውም የሚፈልገው ሰው ነበርና። ይህንን ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው 1977 ነው። በዚያ ዓመት ከነፃነት በኋላ የመጡትን ገዢዎች ያለ ርኅራኄ የሚተቸው «የደም ቅጠሎች» የተሰኘው ልብ ወለዱ በእንግሊዝኛ ታትሞ ለገበያ ቀረበ። በዚያው ዓመት ከንጉጊ ዋ ሚሪ ጋር በኪኩዩ ቋንቋ የጻፈውን «በፈለግሁ ጊዜ አገባለሁ» የተባለውን ተውኔት፣ በሊሙሩ አጠገብ ያሉ የካሚሪቱ መንደር ገበሬዎችና ሠራተኞች ራሳቸው በሠሩት የአደባባይ መድረክ ላይ ተጫወቱት። ተውኔቱ በሳምንታት ውስጥ ታገደ፤ ደራሲውም በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ተይዞ ያለ ክስ ለአንድ ዓመት ያህል ታሰረ። በሁለቱ ድርሰቶች ውስጥ ያለው ሐሳብ እጅግም አይራራቅም፤ የተለወጠው ሰሚው ነው።

ንጉጊ በካሚቲ ወህኒ ቤት ሳለ በመጸዳጃ ወረቀት ላይ በኪኩዩ የጻፈው «ሰይጣን በመስቀል ላይ» በ1980 ታተመ። የዚህ ልብ ወለድ ቁም ነገር በቋንቋው መለወጥ ብቻ አያበቃም። ተራኪው የጊቻንዲ ተጫዋች ነው፤ ጊቻንዲ በኪኩዩ ዘንድ ቅል እያንኳኩ የሚዜም የቅኔ ጨዋታ ነው። ደራሲው ቋንቋውን ሲለውጥ የአተራረክ ሥርዓቱም አብሮ ተለውጧል። የሌቦችና የቀማኞች ውድድር የቀረበበት ክፍል በጸጥታ ለብቻው ለሚያነብ ሰው ጩኸቱ ይበዛበታል፤ ገጸ ባሕርያቱም ሰው ከመሆን ይልቅ የተጋነነ የፌዝ ሥዕል ሆነው ይታዩታል። ይህ ነቀፌታ ተገቢ ነው። ነገር ግን ያው ክፍል በተሰበሰበ ሰው ፊት ጮክ ተብሎ ሲነበብ ግነቱ ቦታውን ያገኛል፤ የተጻፈው ለጆሮ ነውና።

«የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» የሚለው የአማርኛ ብሂል የንጉጊን አቋም ባጭሩ ይገልጠዋል። ንጉጊ ይህንን በ1986 ባሳተመው «አእምሮን ከቅኝ ግዛት ማላቀቅ» በተሰኘው መጽሐፉ እንደ መርሕ አቆመው፤ ለእንግሊዝኛም የስንብት ቃሉን በዚያው ተናገረ። ስንብቱ ግን ሙሉ አልሆነም፤ የልጅነት ትዝታውን የያዘው የ2010 መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ይህንን እንደ ሽንፈት የሚቆጥሩ አሉ። ይሁንና ለራሱ ያወጣው ደንብ እንኳ እንዲያስረው አልፈቀደም ማለት ይቻላል።

የንጉጊ መርሕ ለሁሉ የሚሠራ አለመሆኑን የሚያሳየው ሶማሊያዊው ኑሩዲን ፋራህ ነው። ፋራህ በ1945 በባይደዋ ተወልዶ በኦጋዴን ቀላፎ ያደገ፣ አማርኛም የተማረ ደራሲ ነው። የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በ1970 የታተመው በእንግሊዝኛ ነበር። ሶማልኛ በ1972 በላቲን ፊደል እንዲጻፍ መንግሥት በወሰነ ማግስት፣ በ1973፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የጻፈውን ልብ ወለድ በጋዜጣ በተከታታይ ማውጣት ጀመረ፤ ሳንሱር ግን አቋረጠው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን በስደት እየኖረ በእንግሊዝኛ ጻፈ። የአገሩ በሬ ሠርዶውን እንዳይግጥ አጥር ሲታጠርበት ምን ያድርግ? ፋራህ የባዕድ ቋንቋን የመረጠው በአምባገነን ፊት ዝም ላለማለት ነው። ንጉጊ እንግሊዝኛን በመተው፣ ፋራህ እንግሊዝኛን በመያዝ ለአንድ ዓይነት ጫና እምቢ አሉ።

ሦስተኛው መንገድ የኢትዮጵያዊው የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ነው። ንጉጊ ወደ ኪኩዩ ከመመለሱ ከዐሥር ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ ሣህለ ሥላሴ የጉራጌን ገጠር ሕይወት የሚተርከውን የመጀመሪያ ልብ ወለዱን በቻሃ ቋንቋ ጻፈ። ሥራው በ1964 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት «የሽነጋ መንደር» በሚል ርእስ ሲወጣ ግን በቮልፍ ሌስላው የእንግሊዝኛ ትርጉም ነበር። ደራሲው ከዚያ በአማርኛ «ወጣት ይፍረደው»ን፣ በእንግሊዝኛም «አውጫጭኝ»ን ለማለት «አፈርሳታ»ን በ1969 ጻፈ። ሦስት ቋንቋ የጻፈው ይህ ሰው በቋንቋ ክርክር ውስጥ ስሙ የሚነሣው ከስንት አንዴ ነው።

ይህ ዝምታ ለአማርኛ አንባቢ ሊያሳስበው ይገባል። የአማርኛ አንባቢ የንጉጊን ታሪክ ሲሰማ ወዲያው ከንጉጊ ጎን ይቆማል፤ የራሱ ፊደል፣ የራሱ ልብ ወለድ፣ የራሱ ቅኔ ያለው ሕዝብ ነኝ ብሎ ይኮራልና። ኩራቱ መሠረት አለው። ነገር ግን በሌላ ቋንቋ አፉን ለፈታ ኢትዮጵያዊ ደራሲ አማርኛ ራሱ የተጠረገው አውራ ጎዳና ነበር፤ ትምህርት ቤቱም፣ ማተሚያ ቤቱም፣ አንባቢውም በዚያ በኩል ነበሩ። አማርኛ እንግሊዝኛ ለኬንያ የሆነውን ያህል ባዕድ አይደለም፤ ብዙዎች ወደውትም ጽፈውበታል፤ ሥነ ጽሑፉም በእነርሱ በልጽጓል። ቢሆንም በቻሃ የጻፈውን ሰው ድፍረት ሳያዩ በኪኩዩ የጻፈውን ማድነቅ ሚዛን የጎደለው አድናቆት ነው።

በቋንቋው ውስጥም ቢሆን የተጠረገ መንገድ አለ። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. «አደፍርስ»ን ሲያወጣ የአማርኛ ልብ ወለድ የለመደውን ቀጥተኛ አተራረክና ግልጽ ግብረ ገባዊ ትምህርት ትቶ፣ የሚከራከሩ ድምፆችን ያለ ዳኛ አሰማ። የጻፈው በአብዛኛው አንባቢ ቋንቋ ነው፤ አጻጻፉ ግን ከአብዛኛው የለመደ ጆሮ ጋር ተጣልቷል። ስለዚህ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻፍ ብቻውን ነፃነት አይሆንም፤ በእንግሊዝኛ መጻፍም ብቻውን ባርነት አይደለም።

ከእነዚህ ደራስያን ሕይወት አንድ ደንብ አውጥቶ ለወጣት ጸሐፊ ማስጨበጥ የሚወድ ሐያሲ ብዙ ነው። ያ ግን የእነርሱን እምቢታ ወደ አዲስ ታዛዥነት መለወጥ ነው። ንጉጊን ለመምሰል ሲል ብቻ ወደ እናቱ ቋንቋ የሚመለስ ደራሲ፣ ቀድሞ እንግሊዞችን ለመምሰል ከጻፈው በምን ይለያል? የሐያሲ ሥራ ደራሲው የያዘው ቋንቋ በሥራው ውስጥ ምን እንደ ፈጠረ መመርመር ነው፤ በጊቻንዲው ተራኪ ውስጥ እንደሚታየው፣ በ«አደፍርስ» ክርክር ውስጥም እንደሚሰማው። በቻሃ የተጻፈው የሣህለ ሥላሴ ታሪክም እንዲሁ በራሱ ቋንቋ ተነብቦ ሊመረመር ይገባዋል፤ እስካሁን በስፋት የሚታወቀው በትርጉሙ ነው።