ሒሳቡ ያልተከፈለ ሕክምና፦ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የክፍያ ጥያቄ አያያዝ ሲመዘን

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ደረጃ ሲጀመር፣ ከአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ መመረጣቸው ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱ በስፋት ተዳርሷል። ሆኖም ስኬቱ በአብዛኛው የሚለካው በተመዘገቡ አባወራዎች ብዛትና በተሰበሰበው መዋጮ ነው። አባሉ ታክሞ ከወጣ በኋላ ጤና ተቋሙ ሒሳቡን መቼና እንዴት ያገኛል የሚለው ጥያቄ ግን ተገቢውን ትኩረት አላገኘም።

በአሠራሩ መሠረት ጤና ተቋሙ ከመድኑ ጋር ውል ይገባል፤ አባሉ የመታወቂያ ደብተሩን አሳይቶ ይታከማል፤ ተቋሙም የምርመራውንና የመድኃኒቱን ወጪ ዘርዝሮ ክፍያ ይጠይቃል። መድኑ ጥያቄውን አጣርቶ መክፈሉ ተገቢ ነው። ገንዘቡ የገበሬው መዋጮና ለድሆች የተመደበ የመንግሥት ድጎማ እንደመሆኑ፣ ያልተሰጠ መድኃኒት ሲመዘገብ ወይም እንደ ክትባትና የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ያለ በነፃ የሚሰጥ አገልግሎት በመድን ስም ሲጠየቅ ዝም ሊባል አይገባም።

ይሁን እንጂ ውድቅ የሚደረግ ጥያቄ ሁሉ የማጭበርበር ውጤት አይደለም። የአባሉ ቁጥር የተዘለለበት፣ የበሽታው ስም ያልሰፈረበት ወይም ያልተፈረመበት ወረቀትም ክፍያ ያስከለክላል። ሕክምናው ግን በእርግጥ ተሰጥቷል፤ መድኃኒቱም ከመደርደሪያው ወርዷል። የቀረው ገንዘብ ለቀጣዩ የመድኃኒት ግዥ ሊውል የነበረ ነው። ለአብነት ያህል፣ ከደላንታ ቀበሌዎች በአንዱ የሚኖር የደም ግፊት ሕመምተኛ ወገል ጤና ድረስ በእግሩ ተጉዞ «መድኃኒቱ የለም፤ ከውጭ ይግዙ» ቢባል፣ መዋጮውን ከፍሎ ሳለ ዳግመኛ ከኪሱ ያወጣል። በቀጣዩ ዓመት አባልነቱን ባያድስ ሊወቀስ አይችልም።

ጉድለቱ የባለሙያው ብቻ አይደለም። ጥያቄው ከወራት በኋላ ያለ በቂ ማብራሪያ ሲመለስ፣ ያከመው ባለሙያ ስሕተቱን ለማረም ቀርቶ ለማስታወስም ይቸገራል። መድኑ በየወረዳው ተነጣጥሎ በተደራጀበት ሁኔታ ደግሞ እንደ ደሴ ባለ ከተማ የሚገኝ ሪፈራል ሆስፒታል ከብዙ ወረዳዎች ጋር በየፊናው ሒሳብ ለመተሳሰብ ይገደዳል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በላስታና በአካባቢው የተካሄደው ጦርነትም የወረቀት መዝገብ ብቻውን አስተማማኝ ማስረጃ እንደማይሆን አስተምሯል፤ ካርድና መዝገብ በጠፋበት ተቋም የቆየ ሒሳብን አስረድቶ ማስከፈል እጅግ አዳጋች ነውና።

ቅጽ መሙላት «የሒሳብ ክፍል ሥራ ነው» የሚለው አመለካከት ሊታረም ይገባዋል። ታካሚው ከመሄዱ በፊት የአባሉ ቁጥር፣ የበሽታው ስም፣ የታዘዘው መድኃኒትና ፊርማው መሟላታቸውን ማረጋገጥ የሕክምናው አካል ነው። በመድኑ በኩልም የውድቅታውን ምክንያት በጽሑፍ መግለጽ፣ ለእርማት በቂ ጊዜ መስጠትና ያልተነቀፈውን ሒሳብ ሳያዘገዩ መክፈል ያስፈልጋል። የገንዘቡን ቋት ከወረዳ ወደ ዞንና ወደ ክልል ማሳደግም የሆስፒታሎችን ድካም ይቀንሳል። አባሉ መድኑን የሚመዝነው በስብሰባ በሰማው ሪፖርት ሳይሆን ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት በሚሰጠው መልስ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።