«ሲናፕስ» መገጣጠሚያ ነውን?

የሳይንስ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ ዋናው ፈተናው ጉዳዩ በሚነካው ሰው ጆሮ እንዴት እንደሚሰማ ነው። በዚህ ረገድ «ሲናፕስ»ን «የነርቭ መገጣጠሚያ»፣ የሥራውን መሰናከልም «የመገጣጠሚያ ጉድለት» ብሎ መተርጎምን ልንተች እንወዳለን።

ምሳሌያችን ጓያ ነው። በጎጃምና በጎንደር ዋልካ መሬት ይዘራል፤ ድርቅ ስለሚችል በክፉ ቀን ለወራት ብቻውን ይበላል። ያን ጊዜ ከተመጋቢዎቹ አንዳንዶቹ፣ ይልቁንም ወጣት ወንዶች፣ እግራቸው ተሳስሮ ምርኩዘኛ ሆነው ይቀራሉ። ምክንያቱ ጓያ ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ነው የሚሉ ባላገሮች አሉ። እንዲህ ላለው በሽተኛ «የነርቭ መገጣጠሚያ ጉድለት አለብህ» ቢሉት ጉልበቱን ይዳስሳል፤ ወጌሻም ይፈልጋል። በአማርኛ መገጣጠሚያ የአጥንት ነውና።

የትርጉሙ ስሕተት ሁለት ነው። አንደኛ፣ «ሲናፕስ» እ.ኤ.አ. በ1897 መያያዝን ከሚያመለክት የግሪክኛ ቃል ቢወጣም፣ በ1950ዎቹ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እንዳሳየው ሁለቱ ሕዋሳት አይነካኩም። በመካከላቸው 20 ናኖሜትር ያህል ክፍተት አለ፤ መልእክቱን የሚያሻግረው ኬሚካል ነው። ሁለተኛ፣ «ጉድለት» ማነስን ብቻ ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ1964 ተለይቶ የታወቀው የጓያ መርዝ ግን ግሉታሜት የተባለውን መልእክተኛ ኬሚካል ይመስላል፤ በተቀባዩ ላይ ተቀምጦ ሕዋሱን ያለ ልክ በመቀስቀስ እንደሚገድለው ይታመናል። እዚህ ላይ ያለው ትርፍ እንጂ ማነስ አይደለም። በመንጋጋ ቆልፍ የሚታገደው ገቺው መልእክት ነው፤ ማያስቴኒያ ግራቪስ በተባለው በሽታ ደግሞ ከነርቭ ወደ ጡንቻ የሚተላለፈው ይደክማል። ሦስቱንም የሚያቅፈው ቃል «መዛባት» ነው።

ስለዚህ «ሲናፕስ» በመነሻ ቃልነት እንዲጸና፣ «የነርቭ መሻገሪያ» ማብራሪያው እንዲሆን እናሳስባለን። ከጢስ ዓባይ እስከ ቡሬ ያለ ሰው መሻገሪያ ሲባል ሁለት የማይገናኙ ዳርቻዎችንና በመካከል የሚሻገረውን ያስባል። እርግጥ ወንዝ ከሁለቱም ወገን ይሻገሩታል፤ በኬሚካል የሚሠራ ሲናፕስ ግን መልእክቱን በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ያሳልፋል። ይህን ልዩነት ፍቺው ሊገልጸው ይገባል።

ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። የሞቱት የነርቭ ሕዋሳት አይመለሱም፤ መከላከያው ጓያን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ከሌላ እህልም ጋር ቀላቅሎ መብላት ነው። ከእንፋሎቱ የሚሸሽና ጉልበቱን የሚያሳሽ ሰው ግን ጓያውን መብላቱን ይቀጥላል። ቃሉ ካሳተው ምክሩም አይደርሰውም።