ለአንድ ቀን የምትለበስ ባህል

ባለፈው ሰሞን ባሕር ዳር ውስጥ ወዳለ አንድ ትምህርት ቤት (ስሙን ልተወው) «የባህል ቀን ነው» ተብዬ ሄጄ ነበር። ልጆቹ ጥበብ ለብሰው፣ ጋቢ ደርበው አምረዋል። ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ተበተነ፣ እስክስታው ቀለጠ። ዳይሬክተሩም «ባህላችንን እንጠብቅ» አሉና አጨበጨብን።

በነጋታው ጉዳይ ኖሮኝ እዚያው ግቢ ተመለስኩ። ጥበቡ ቁም ሣጥን ገብቷል፤ ዩኒፎርሙ ወጥቷል። በአንዱ ክፍል ሰሌዳ ላይ «አንድ ባቡር በሰዓት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ቢጓዝ...» የሚል የሒሳብ ጥያቄ ተጽፏል።

ባቡር? ባሕር ዳር ላይ? ሐዲድ እኮ እስከ ዛሬ አልደረሰላትም! ከአጥሩ ማዶ ግን አንድ ሰው እንጨት የጫነች የደንገል ታንኳውን እየቀዘፈ ወደ ዳር ይመጣ ነበር። እሱን ያየ መምህር የለም።

አያድርስና ታንኳ ተራ ነገር ትመስለናለች። ስንት እስር ደንገል ስንት ሰው ይሸከማል? ይኼ ሒሳብ ነው። ለምን ትንሳፈፋለች? ውሃ ስትጠጣ ለምን ትከብዳለች? ከሥራ በኋላስ ዳር ወጥታ ፀሐይ የምትሞቀው ለምንድን ነው? ይኼም ሳይንስ ነው። ደንገሉ ለምን እየራቀ ሄደ ብላችሁ ብትጠይቁ ደግሞ ስለ እርሻው፣ ስለ ግንባታው፣ ስለ ሐይቁ ጤና ታወራላችሁ።

ይህን ጥበብ ጠንቅቀው ከሚያውቁት መካከል ነገደ ወይጦዎች ቀዳሚ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ በአካባቢው ያለፈው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ የራሳቸው የተለየ ቋንቋ እንዳላቸው ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1907 ግን የሚናገሩት አማርኛ እንደሆነ ተመዘገበ። ቋንቋው ማንም ሳይጽፈው አለፈ። ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሲሸሻቸው የኖሩ ሰዎች ናቸው። ዛሬ የአንዱ አባት ታንኳ ሠሪ ቢሆን፣ ልጁ ክፍል ውስጥ «የኔ አባት ያውቃል» ብሎ እጁን ያወጣል? ወይስ ዝም ይላል?

ሕጉማ አልጎደለብንም። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቅዷል። በዚያም መሠረት አዊኛና ኽምጣኛ በየዞናቸው ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ ደግ ነው። ግን ቋንቋ ሲገባ ዕውቀቱ አብሮ ካልገባ፣ ያው ባቡሩ በአዊኛ ይነዳል ማለት ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በኒውዚላንድ የማኦሪ ልጆች በቋንቋቸው በመናገራቸው በትምህርት ቤት የተቀጡበት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 አያቶች ሕፃናቱን በማኦሪኛ ብቻ የሚያሳድጉባቸው መዋያዎች ተከፈቱ፤ በ1987 ቋንቋው በሕግ የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ ሆነ። ዛሬ ብዙ መምህራን ሰላምታውን፣ ቁጥሩን፣ የአካባቢውን ታሪክ በተራው የትምህርት ቀን ውስጥ ለማስገባት ይጥራሉ። ክርክሩ አላለቀም፤ ቢሆንም የአንድ ቀን በዓል እንደማይበቃ ገብቷቸዋል።

«ልጄ እንግሊዝኛ ይማርልኝ፤ በደንገል እንጀራ አይበላም» የሚል ወላጅ ይኖራል። እውነት አለው። እኔም ልጁ ቀዛፊ ሆኖ ይቅር አላልኩም። መምህርም ቢሆን ከመጽሐፉ ወጣ ቢል «ምዕራፉ አላለቀም» የሚል ተቆጣጣሪ ይመጣበታል። ግን የማያውቀውን ባቡር ከሚያባርር፣ የሚያውቃትን ታንኳ አስልቶ ወደ ባቡሩ ቢሻገር ምን ይጎዳዋል?

አንድ ታንኳ ሠሪ አባት፣ በባህል ቀን ለፎቶ ሳይሆን በተራ ማክሰኞ፣ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ይጋበዙ። ወጪው የአንድ ሰው የቀን አበል ነው። ያን ዕለት መጨረሻ ወንበር ላይ አንገቱን የሚደፋው ልጅ ቀና ካለ፣ ባህሉን ጠበቅን ማለት ያኔ ነው።