«የተጨነቀው ትውልድ» እና የተዘለለው የምክር አገልግሎት ምዕራፍ

በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሥነ ልቡና ምሁር የሆኑት ጆናታን ሃይት እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ያሳተሙት «ዘ አንክሸስ ጄኔሬሽን» የተሰኘው መጽሐፍ በአማርኛ «የተጨነቀው ትውልድ» ሊባል ይችላል። ስለ ማኅበራዊ ሚዲያና ስለ ታዳጊ ወጣቶች የአእምሮ ጤና በቅርብ ዓመታት ከተጻፉት ሥራዎች መካከል በወላጆችና በሕግ አውጪዎች ዘንድ የዚህን ያህል ተሰሚነት ያገኙት ጥቂቶች ናቸው። የደቡብ አውስትራሊያ ክፍለ ግዛት መሪ ፒተር ማሊናውስካስ፣ ባለቤታቸው መጽሐፉን አንብበው እርምጃ እንዲወስዱ እንደገፋፏቸው በይፋ ተናግረዋል። የአውስትራሊያ ፓርላማም በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር፣ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት እንዳይኖራቸው የሚከለክል ሕግ ያወጣ ሲሆን፣ ሕጉ ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። አንድ መጽሐፍ ይህን ያህል ተደማጭነት ሲያገኝ፣ ምን እንደሚልና ምን እንደዘለለ ከሕክምና ሙያ አንጻር መመርመር ተገቢ ይሆናል።

የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ስማርት ስልክ ከነካሜራውና ከነኢንተርኔቱ በልጆች እጅ በገባ ጊዜ፣ በጨዋታ ላይ የተመሠረተው ልጅነት በስልክ ላይ ወደተመሠረተ ልጅነት ተለወጠ፤ በዚያው ወቅትም በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በብሪታንያና በሌሎችም አገሮች ድብርት፣ ጭንቀትና ራስን መጉዳት በተለይ በሴቶች ልጆች ላይ አሻቀበ ይላሉ ደራሲው። ጉዳቱንም በአራት ይከፍሉታል፦ ከእኩዮች ጋር በአካል አለመገናኘት፣ የእንቅልፍ እጦት፣ የትኩረት መበታተንና ሱስ። ያቀረቧቸው መፍትሔዎችም አራት ናቸው፦ ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ስማርት ስልክ አለመስጠት፣ 16 ዓመት ሳይሞላቸው ማኅበራዊ ሚዲያ አለመፍቀድ፣ ትምህርት ቤቶችን ከስልክ ነጻ ማድረግ፣ እንዲሁም ልጆች በነጻነት የሚጫወቱበትንና ኃላፊነት የሚለማመዱበትን ዕድል ማስፋት።

ደራሲው ያነሱት ችግር የፈጠራ ወሬ አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማእከል በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ በየሁለት ዓመቱ በሚያካሂደው ጥናት፣ የማያቋርጥ ሐዘን ወይም ተስፋ መቁረጥ እንደተሰማቸው የተናገሩ ሴቶች ተማሪዎች በ2011 36 በመቶ የነበሩ ሲሆን በ2021 57 በመቶ ደርሰዋል። ወንዶቹም ከ21 ወደ 29 በመቶ ከፍ ብለዋል። የ2021 አኀዝ በኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት የተሰበሰበ ቢሆንም፣ ጭማሪው ወረርሽኙ ከመምጣቱ በፊት የጀመረ ነው። መጽሐፉ ስለ እንቅልፍ የሚያቀርበው ማብራሪያ ለሐኪም ጠቃሚ ነው፤ ሴቶች ልጆች መልካቸውንና ሰውነታቸውን ተመርጦና ተስተካክሎ ከቀረበ ምስል ጋር እያነጻጸሩ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ማየታቸውን የሚተነትነው ምዕራፍም እንዲሁ።

የመጽሐፉ ድክመት ጎልቶ የሚታየው መንስኤን ለማረጋገጥ በሚደረገው ሙግት ላይ ነው። ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ መጨመራቸው አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑን እንደማያስረዳ የሕክምና ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ኤሚ ኦርበንና አንድሩ ፕርዚቢልስኪ በ2019 ከ350,000 በላይ የሆኑ ታዳጊ ወጣቶችን መረጃ መርምረው፣ በደኅንነታቸው ላይ ከሚታየው ልዩነት ውስጥ በዲጂታል ቴክኖሎጂ አጠቃቀም የሚገለጸው ቢበዛ 0.4 በመቶ እንደሆነ አሳይተዋል። የሥነ ልቡና ተመራማሪዋ ካንዲስ ኦጀርስ ደግሞ በ«ኔቸር» መጽሔት ላይ መጽሐፉን ሲተቹ፣ ቀድሞውኑ የአእምሮ ጤና ችግር ያለባቸው ልጆች ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ አብዝተው ሊሄዱ እንደሚችሉ አስገንዝበዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች ኮሚቴም በ2023 መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት፣ በሕዝብ ደረጃ ማኅበራዊ ሚዲያ የታዳጊዎችን ጤና ለውጧል ብሎ ለመደምደም ያለው ማስረጃ በቂ አለመሆኑን ገልጿል። ሃይት በበኩላቸው ሴቶችና ወንዶችን፣ ማኅበራዊ ሚዲያንና ሌላውን የስክሪን አጠቃቀም አንድ ላይ ደምሮ አማካይ ማውጣት ጉዳቱን ይሸፍነዋል ብለው ይከራከራሉ። ይህ መልስ ክብደት አለው፤ ክርክሩም ገና አልተዘጋም።

ይሁን እንጂ ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት ስለ አማካይ ነው፤ ወደ ሐኪም ቤት የምትመጣው ግን አንዲት ልጅ ነች። እንቅልፍ አጥታ፣ ምግብ ቀንሳ፣ ከትምህርቷ ወደኋላ ቀርታ ስትመጣ፣ 0.4 በመቶ የሚለው ቁጥር ስለ እርሷ የሚናገረው ነገር የለም። የአገሪቱን ሴቶች ልጆች የሚመለከተው 57 በመቶም እንደዚሁ። ማወቅ የሚያስፈልገው እርሷ ሌሊት በስልኳ ላይ ምን እንደምታይ፣ ማን ምን እንደሚጽፍላት፣ ስልኩ ከመምጣቱ በፊት ሐዘን እንደነበረባት ወይም እንዳልነበረባት ነው። «የተጨነቀው ትውልድ» የመጨረሻውን ክፍል ለመንግሥታትና ለኩባንያዎች፣ ለትምህርት ቤቶች፣ ለወላጆችም በየምዕራፉ ሲያከፋፍል፣ ለታመመው ልጅና ለሚረዳው ባለሙያ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አልሰጠም። መጽሐፉ የመከላከል መጽሐፍ ነው ቢባል ተገቢ መከራከሪያ ነው፤ ሆኖም ሕመሙ ወረርሽኝ ነው ብሎ የጀመረ ሥራ፣ ቀድሞ የታመመውን እንዴት ማከም እንደሚቻል ሳይናገር ማለፉ ትልቅ ክፍተት ነው።

ይህ ክፍተት ተግባራዊ ጉዳት አለው። አበው «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። አንዲት ተማሪ ፎቶግራፏ ያለፈቃዷ ተሰራጭቶ ብትሳለቅባት፣ ወይም የማታውቀው ሰው ቢያስፈራራት፣ ለእናት ለአባቷ ብትነግር የመጀመሪያው ውጤት ስልኳ መነጠቁ እንደሆነ ካወቀች፣ ዝም ትላለች። ክልከላ ብቻውን ሲቆም ልጆች ችግራቸውን የሚደብቁበትን ምክንያት ይጨምራል። የአውስትራሊያው ሕግ ቅጣቱን በኩባንያዎች ላይ እንጂ በልጆችና በወላጆች ላይ አለማድረጉ በዚህ ረገድ አስተዋይነት ነው። ነገር ግን ልጁ ተደብቆ የገባበት ቦታ ጉዳት ቢያደርስበት ማን ዘንድ ሄዶ ይናገራል የሚለው ጥያቄ በሕግ ብቻ አይመለስም።

የምክር አገልግሎት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ብቃት ያለው አማካሪ አስቀድሞ ምስጢር እንደሚጠበቅ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲኖር ግን ለሚመለከተው እንደሚነገር በግልጽ ያስረዳል። ቀጥሎ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ጓደኝነት፣ ስለ ትምህርትና ስለ ስልክ አጠቃቀም ሳይወቅስ ይጠይቃል። ሞትን ስለ መመኘት በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በልጁ አእምሮ ውስጥ አይዘራም፤ ይህን ፈርቶ መተው ግን አደጋውን ሳይታወቅ ያሳልፈዋል። የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ዘዴን የተማረ ባለሙያ፣ ልጅቷ «ሁሉም ከእኔ ይበልጣሉ» የምትለውን ሐሳብ ከማስረጃ ጋር እንድታመዛዝን፣ የተወቻቸውንም ደስ የሚሏትን ተግባራት ቀስ በቀስ እንድትቀጥል ይረዳታል። ስልኩ ማታ ከመኝታ ክፍል ውጪ እንዲያድር ከልጅቷና ከወላጆቿ ጋር በስምምነት መወሰንም የዚሁ ሥራ አካል ነው። በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በ143 ተማሪዎች ላይ ተካሂዶ በ2018 በወጣ ጥናት፣ ሦስት ማኅበራዊ ሚዲያዎችን እያንዳንዳቸውን በቀን ለ10 ደቂቃ ብቻ የተጠቀሙት ተማሪዎች በሦስት ሳምንት ውስጥ የብቸኝነትና የድብርት ስሜታቸው ቀንሷል። ተማሪዎቹ የዩኒቨርሲቲ እንጂ የሁለተኛ ደረጃ አልነበሩም፤ ሆኖም ፈጽሞ ሳይከለክሉ መጠንን በመወሰን ብቻ ለውጥ ሊገኝ እንደሚችል ያመለክታል።

የሃይት ማስረጃ በአብዛኛው ከበለጸጉ አገሮች የተሰበሰበ በመሆኑ፣ ለኢትዮጵያዊ ሐኪም መጽሐፉን እንዳለ መቀበል አያስኬደውም። እዚህ ብዙ ልጆች ስልክ የሚጠቀሙት ከቤተሰብ ጋር በጋራ ነው፤ በዓረብ አገሮች ወይም በአሜሪካ ያለች እናት ወይም እኅት ድምፅም የሚሰማው በዚያው ስልክ ነው። በዚህ ቤት ስልክን መንጠቅ አልፎ አልፎ እናትን እንደ መንጠቅ ይሆናል። የአእምሮ ሐኪሞች ቁጥር ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ስለሆነም፣ የምክር አገልግሎት የባለ ስፔሻሊቲ ሐኪሞች ሥራ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም። የጎረቤት ኬንያ ተሞክሮ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በ2021 በ«ጃማ ሳይካያትሪ» መጽሔት የወጣው የ«ሻሚሪ» ጥናት፣ የድብርት ወይም የጭንቀት ምልክት የታየባቸውን 413 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ያካተተ ነበር። አጭር ሥልጠና የወሰዱና ሙያተኛ ያልሆኑ ወጣቶች በቡድን በሰጡት የአራት ክፍለ ጊዜ እገዛ፣ ምልክቶቹ ለንጽጽር ከተመደበው ቡድን ይልቅ ቀንሰዋል። ጥናቱ ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ የተደረገ አይደለም፤ የሚያስረዳው የሐኪም እጥረት ባለበት አገርም ታዳጊ የሚደመጥበትን ቦታ በትምህርት ቤት ማዘጋጀት እንደሚቻል ነው።

የምክር አገልግሎትም ወሰን አለው። ልጅን ሌሊቱን ሙሉ ለማቆየት ታስቦ የተሠራን መተግበሪያ አማካሪ ሊያርመው አይችልም፤ በዚህ ረገድ ሃይት ኩባንያዎችን ተጠያቂ ለማድረግ የሚያሰሙት ጥሪ ተገቢ ነው። ከባድ ድብርት ወይም ራስን የማጥፋት ዕቅድ የታየበትም ልጅ በትምህርት ቤት ምክር ብቻ ሳይያዝ ሳይዘገይ ወደ ሕክምና ተቋም ሊላክ ይገባል።

በጠቅላላው «የተጨነቀው ትውልድ» ወላጅን የሚያነቃ፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ጨዋታ የረሳነውን የሚያስታውስ፣ ስለ መንስኤ ግን ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ የሚናገር መጽሐፍ ነው። ወላጆች መጽሐፉን አንብበው ስልክ ለመንጠቅ ከመነሣታቸው በፊት፣ ልጃቸው ችግሩን ሳይፈራ የሚናገርለት አንድ አዋቂ ሰው በቤት፣ በትምህርት ቤት ወይም በጤና ጣቢያ መኖሩን ቢያረጋግጡ መልካም ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ፣ ስልኩ ቢነጠቅም ሕመሙ ከልጁ ጋር ይቀራል።