«ቀዳ»ን ከ«አስመሰለ» ስለ መለየት፦ በአዕዋፍ ዝማሬ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

ዘማሪ አዕዋፍ ድምፃቸውን እንዴት እንደሚማሩ የሚያትት አንድ የትርጉም ረቂቅ በቅርቡ ለአስተያየት ደርሶኝ ነበር። የተርጓሚው አማርኛ የጠራ፣ ዓረፍተ ነገሩም የማያደናቅፍ ነው። ይሁን እንጂ ረቂቁን አንብቦ የጨረሰ ሰው ስለ ጉዳዩ የሚይዘው ግንዛቤ ምንጩ ከሚለው የራቀ ይሆናል። ጫጩት ከጎልማሳ ወገኑ ዝማሬ መማሩ፣ አንድ ወፍ የሌላ ዝርያ ድምፅ ማሰማቱ፣ እንዲሁም በዚያ ድምፅ ሌላውን ማታለሉ ሦስቱም «ማስመሰል» በሚል አንድ ቃል ተጠቃለዋልና። ጉድለቱ የአንድ ተርጓሚ ብቻ ስላልሆነ ረቂቁን ትቼ ቃሉን ልመርምር።

«አስመሰለ» ሁለት ፊት ያለው ግስ ነው። በአንድ በኩል አንዱን ነገር በሌላው አምሳል ማድረግን፣ በሌላ በኩል ያልሆኑትን ሆኖ መታየትን ያመለክታል። በዕለት ተዕለት ንግግር ያየለው ሁለተኛው መሆኑን «አስመሳይ» የሚለው ቅጽል ይመሰክራል። የአባቱን ሙያ የወረሰ ሸማኔ አስመሳይ አይባልም። እንደ አባቱ የዘመረ ጫጩት ግን በረቂቁ ውስጥ አስመሳይ ሆኖ ተገኝቷል።

መማሩ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ሁለት ሙከራዎች በጉልህ ያሳያሉ። የካምብሪጁ ዊልያም ቶርፕ እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጡት ጥናት፣ ቻፊንች የተባለው የአውሮፓ ወፍ ከጫጩትነቱ ተነጥሎ ሲያድግ የሚያሰማው ዝማሬ ርዝመቱን ከሞላ ጐደል ቢጠብቅም ክፍልፋዩና ማሳረጊያው የጐደለ መሆኑን አመለከቱ። ማሳካዙ ኮኒሺ ደግሞ በ1965 በሰሜን አሜሪካው ባለ ነጭ ዘውድ ድንቢጥ ላይ ባደረጉት ምርምር፣ ዝማሬውን አስቀድመው የሰሙ ነገር ግን ልምምድ ሳይጀምሩ እንዲደነቁሩ የተደረጉ ወፎች የሰሙትን መልሰው ማሰማት እንደ ተሳናቸው አስረዱ። እንግዲህ ወፉ አስቀድሞ የሰማውን በአእምሮው ያኖራል፤ ቆይቶም የገዛ ድምፁን እያዳመጠ ካኖረው ጋር ያስተያያል ማለት ነው።

ለዚህ በአእምሮ ለሚኖር መለኪያ እንግሊዝኛው የተጠቀመበት ቃል ከእጅ ሥራ የተወሰደ የቅርጽ ማውጫ ስም ነው፤ ረቂቁም «ቅርጽ ማውጫ» ብሎታል። እኔ «አብነት» የሚለውን እመርጣለሁ። በዜማ ቤት ያለፈ አንባቢ ከመምህሩ የሰማውን ይዞ ለብቻው የሚቀጽለውን ተማሪ ወዲያው ያስታውሳልና። በእርግጥ በእኛ ልማድ አብነቱ ከተማሪው ውጭ ያለው መምህር ነው፤ ስለዚህ «የውስጥ አብነት» ቢባል መደናገሩ ይቀራል። የጫጩቱን የመጀመሪያ ያልጠራ ሙከራ ረቂቁ «ንዑስ ዝማሬ» ሲለው ደግሞ የትልቅ ዝማሬ ቅንጣቢ ያስመስለዋል። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1871 ይህንኑ ሙከራ ከሕፃን ያልጠና አንደበት ጋር አነጻጽሮት ነበር። አማርኛም ለእንዲህ ያለ አንደበት የራሱ ቃል ስላለው «ኮልታፋ ዝማሬ» ማለት ይበቃል።

«ማስመሰል»ን የሚሸሽ ተርጓሚ ዘወትር የሚጠጋው «መቅዳት»ን ነው። «መኮረጅ» የፈተና አዳራሽ ነውር ስላለበት ሊታሰብ አይገባም። «ቀዳ» ግን ውኃ ከምንጭ እንደሚቀዳ ሁሉ ከሌላ መውሰድን ያለ ነቀፌታ ይገልጻል። ችግሩ ሌላ ነው፤ ለጫጩቶች በመሣሪያ የተያዘ ድምፅ በሚሰማበት ሙከራ ውስጥ «ጫጩቱ የተቀዳውን ድምፅ ቀዳ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲገጥመን የትኛው የመሣሪያው፣ የትኛው የወፉ ሥራ እንደ ሆነ አይለይም። መፍትሔው በእጃችን ነው። «መቅረጸ ድምፅ» ካለን መሣሪያው «ይቅረጽ»፣ ወፉ «ይቅዳ»።

እዚህ ላይ ማርሽ ዋርብለር የተባለው ትንሽ ቡናማ ወፍ ያስቸግራል፤ የሚያስተምረንም እርሱ ነው። በአውሮፓ ይራባል፤ ወደ ደቡብ ሲጓዝም ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ቆይታ ያደርጋል። ፍራንሷዝ ዳውሴት ለሜር በቤልጅግ አጥንተው በ1979 እንደ ገለጹት፣ በእነዚህ ወፎች ዝማሬ ውስጥ የ212 ዝርያዎች ድምፅ ተለይቶ ታውቋል፤ 113ቱ የአፍሪካ፣ 99ኙ የአውሮፓ ናቸው። አንዱ ወፍ በአማካይ የ76 ዝርያዎችን ድምፅ ይዞ ይገኛል። አባቶቹ ጫጩቶቹ ከመፈልፈላቸው አስቀድሞ መዘመር ስለሚያቆሙ ጫጩቱ የአባቱን ዝማሬ የሚሰማበት ጊዜ የለም፤ ዝማሬውን የሚሞላው በጉዞው ከሰማቸው ባዕዳን ነው። ታዲያ ይህ ትምህርት ነው ወይስ ማስመሰል? ትምህርት መሆኑ አያጠራጥርም፤ የተለየው መምህሩ ነው። ስለሆነም ስያሜው በአድራጎቱ ሳይሆን በድምፁ ባለቤት መከፈል አለበት፦ «ከወገን መቅዳት» እና «ከባዕድ መቅዳት»።

«ማስመሰል»ንም ከመዝገቡ አንሰርዘው። በካላሃሪ የሚኖረው ድሮንጎ የሌሎች እንስሳትን የማስጠንቀቂያ ድምፅ አሰምቶ፣ ሲሸሹ ምግባቸውን ይነጥቃል። ቶም ፍላወርና ባልደረቦቻቸው በ2014 እንዳሳዩት፣ አንደኛው ድምፅ ማታለሉ ሲያቅተው ሌላ ይለውጣል። ለዚህ ወፍ ቃሉ ከነነቀፌታው ልኩ ነው።

«ዘፈን» ወይስ «ዝማሬ» በሚለው ክርክር ብዙ አልቆይም። ዘፈን ግጥምና እስክስታ ይጐትታል፤ ወፍ ሲዘምር ግን ባላገሩም ያውቀዋል። በቀቀንም በረቂቁ ከዘማሪ አዕዋፍ መካከል ተቈጥሯል፤ ድምፅ ተማሪ ቢሆንም ወገኑ ሌላ ነውና ይውጣ።

የመጨረሻው ጉዳይ የአንጎል ክፍሎች ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ፈርናንዶ ኖተቦምና ባልደረቦቻቸው በካናሪ አንጎል ውስጥ ዝማሬን የሚመራ ክፍል ለይተው ሲያመለክቱ፣ ይገኝበታል የተባለውን ቦታ የሚገልጽ የላቲን ስም ሰጡት። ቦታው ስሙ እንደሚለው አለመሆኑ ኋላ ታወቀ፤ ምሕጻረ ቃሉን ሳይነኩም «ከፍተኛ የድምፅ ማዕከል» የሚል ፍቺ ያበጁለት ነበሩ። የአዕዋፍ አንጎል ስያሜዎች በ2004 ተከልሰው ሲወጡ ግን ኤች ቪ ሲ የሚሉት ሦስት ፊደላት ያለ አንዳች ፍቺ የተጸውዖ ስም ሆነው ቀሩ። ረቂቁ ጥንታዊውን የላቲን ስም ቃል በቃል በመተርጐሙ የተጣለውን ስሕተት በአማርኛ መልሶ አንሥቶታል። ስሙ «ኤች ቪ ሲ» ተብሎ ይጻፍ፤ በመዝገበ ቃላቱም በፍቺው ቦታ ይኸው ታሪኩ ይግባለት።