ወፏ ምን አደረገች?

ባለፈው ዓመት ለለቅሶ መሐል ሜዳ ወጥቼ ነበር። የመንዝን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ባና ተከናንቤ ድንኳኑ ውስጥ ጥጌን ይዣለሁ። ሟች 40 ዓመት ያልሞላው የአክስቴ ልጅ ነው። ምን አገኘው ብሎ የጠየቀ ሁሉ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ወፍ ነው»። ጠያቂውም ከንፈሩን መጦ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ ምን ይጠየቃል?

የዛሬው ሂሴ በዚህ ስም ላይ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ ጥሩ ዘይቤ ያልታየውን ያሳያል እል ነበር። «የወፍ በሽታ» ግን የታየውንም ይሸፍናል። የሌሊት ወፍ በላዩ በረረችበት፣ ሸናችበት ይባልና ጥፋቱ ሁሉ ሰማይ ላይ ይቀራል። በጋራ የተላጩበት ምላጭ፣ እንጥል የተቆረጠበት ስለት፣ የንቅሳቱ መርፌ፣ ዋግምቱ በነጻ ይለቀቃሉ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ግን የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋና ከእናት ወደ ልጅ ነው። ከሰውነት ውጭ እንኳ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ክንፍ የለውም።

ስሙ ሌላም ጥፋት አለበት፤ በሽታውን ከቢጫ ዓይን ጋር አስሮታል። (ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ይህ ቫይረስ ብቻ አለመሆኑም ሳይረሳ።) ሲወለዱ ከተያዙ 10 ሕፃናት 9ኙ ያህሉ ቫይረሱን ይዘውት ያድጋሉ። ዓይን እንደነጣ፣ ጉልበት እንዳለ፣ ጉበት ለዓመታት እየቆሰለ ይጠጥራል፤ አንዳንዱም ወደ ካንሰር ይለወጣል። ቢጫው ሲመጣ ብዙ ጊዜ መሽቷል።

ሟች ከዓመታት በፊት ዐረብ አገር ሊሄድ ተመርምሮ «ሄፓታይተስ» የሚል ወረቀት ይዞ ተመልሷል። አላለፍክም አሉት እንጂ ያስረዳው አልነበረም። የሕዝቡ ስም ሲዋሽ የሐኪሞቹ ስም ደግሞ ዲዳ ነው! «የወፍ ነው እንዴ?» ቢል «አይደለም» አሉት፤ እሱም ደስ ብሎት አገሩ ገባ። ኋላ ሆዱ ሲነፋ ሰንሰል ጨምቀው አጠጡት።

መላ ጠፍቶ እኮ አይደለም። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከኖርዌይ ሐኪሞች ጋር ሆኖ በ2007 ዓ.ም. ሕክምናውን በፕሮግራም ጀምሯል። ቴኖፎቪር የተባለው፣ ለኤችአይቪም የሚሰጠው ክኒን፣ ቫይረሱን ጨርሶ ባያጠፋውም አንገቱን ያስደፋዋል። ክትባቱም ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው ከሚወጉት ጋር ይሰጣል። የአክስቴ ልጆች ግን ሁሉም ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው።

ሠልስቱ ካለፈ በኋላ አክስቴን ለብቻቸው አገኘኋቸውና፣ የቀሩት ልጆች ደማቸውን ይታዩ ብዬ ለመንኳቸው። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ ደጅ የተቀመጡትን ልጆቻቸውን አንድ በአንድ ተመለከቱ።

«ምነው አንተ ልጅ፤ ዓይናቸው ነጭ አይደል እንዴ?» አሉኝ።